በነገሌ ጣሪያ ላይ ያጣሁት ቀዳዳ

ንጋት 12፡00፣ ክብረ መንግሥት። የሹፌሩ የሁሴን አይሱዙ ሽንኩርት፣ የስኳር ጆንያና ሁለት ፍራሽ ጭኖ ተነሳ። እኔ ጋቢና ነኝ። ሥራዬ ሶላር መትከል ነው፤ ዛሬ ግን የሰው ሥራ ልመረምር ወደ ነገሌ እሄዳለሁ። አብሮኝ ሙያ የተማረው ታምሩ በአሮጌው የድንጋይ ቤተ መጻሕፍት ሶላር ተክሏል። በአካባቢው ሌላ ባለሙያ ስለሌለ አሮጌ ቤቶች እንዳይጎዱ የሚከታተለው የቅርስ ኮሚቴ እኔን ላከኝ። ሥራው ጥሩ ከሆነ ተልተሌ ከተማ ያለው ሌላ የድንጋይ ቤትም ለታምሩ ይሰጣል፤ ካልሆነ ለእኔ። ምን እደብቃለሁ፣ ስህተት እንዲገኝበት ስመኝ ነው ያደርኩት።

3፡00፣ መንገድ ላይ። ቀይ አፈር፣ ግራር፣ ሰው የሚያህል ኩይሳ፣ መንገዱን ዘግተው የቆሙ ግመሎች። ሻይ ልንጠጣ ወረድን።

«ታምሩን ታውቀዋለህ? ጎበዝ ነው እኮ!» አለኝ ሁሴን።

«አብረን ነው የተማርነው።»

«ታዲያ አንተን ምን ነካህ?» ብሎ ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም።

6፡00፣ ነገሌ። የቤቱ ግንብ ወፍራም፣ ቆርቆሮው የዛገ ነው። ጣሪያው ላይ አንድም ሶላር የለም! ደስታዬን መደበቅ አቃተኝ።

«አካም፣ ናጋ?» አሉኝ ጥበቃው ኦቦ ጃርሶ። ከሰላምታው በኋላ ወደ ጓሮ ወሰዱኝ። ሶላሮቹ መሬት ላይ ቆመዋል፤ ዙሪያቸው እንደ ጥጃ በረት በእሾህ ታጥሯል።

«ታምሩ ሲመጣ መጀመሪያ ሽማግሌ ጠየቀ። ሦስት ቀን ዛፍ ሥር አብሮን ተቀመጠ፤ የቤቱ ጥላ የት የት እንደሚወድቅ አየን። አጥሩን እኛ ሠራነው፣ ፍየል ሶላሩ ላይ እንዳይወጣ።»

እኔ ብሆን በመጀመሪያው ቀን ጣሪያውን እበሳው ነበር። ቢሆንም መሰላል አስመጥቼ ወጣሁ። ሽቦ ሲያሳልፍ የበሳው አንድ ቀዳዳ አይጠፋም ብዬ ቆርቆሮውን በእጄ ዳሰስኩ። አሮጌ ምስማርና የወፍ ኩስ ብቻ። ሽቦው የገባው በድሮው የመስኮት ክፍተት ነው።

«ምን ጠፋብህ፣ ልጄ?» አሉኝ ከታች።

«ምንም።»

8፡00። ደጃፉ ላይ ተቀምጬ የኮሚቴውን ቅጽ ሞላሁ፦ «አጥሩ ከደረጃ በታች ስለሆነ ሥራው ተቀባይነት የለውም።»

ኦቦ ጃርሶ አጠገቤ ተቀመጡ። «እኔ ማንበብ አልችልም። ምን አልክ ስለ እኛ?»

እጃቸውን አየሁ። የእሾህ ጭረቱ ገና አልዳነም። የጻፍኩትን ሰርዤ እንደ አዲስ ጻፍኩና ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው፦ «ቤቱ አልተነካም። አጥሩ ጠንካራ ነው። የተልተሌውም ሥራ ለታምሩ ይሰጥ።»

ኦቦ ጃርሶ መጀመሪያ የጻፍኩትን ሳያውቁ መረቁኝ። እውነቱን ከጻፍኩ ይቀለኛል ብዬ ነበር፤ አልቀለለኝም።