ከአባቴ ጋር የቀበርኩት ደብተር

ወረታ ላይ በአፍንጫዬ የማያውቀኝ የለም። እኔ ከመታጠፊያው ብቅ ሳልል እሱ ቀድሞኝ ይደርሳል። አባቴ አርመን ነበር፤ ልጅ ሳለ በቱርክ አገር ከወገኖቹ እልቂት ተርፎ፣ ስንት አገር ዞሮ፣ እዚህ ወፍጮ ተከለና እዚሁ አቅራቢያ ካለው ከቁሐር ሚካኤል የገበሬ ልጅ አገባ። ከእሱ የቀረኝ ይኸው አፍንጫ ብቻ ነው። ሌላውን ራሴ ቀብሬዋለሁ።

ባለፈው ጥር አንዲት ሴት ከአዲስ አበባ መጣች። እሷም የአርመን ዘር ናት፤ በየአገሩ የተበተኑትን ቤተሰቦች ታሪክ እየዞረች ትሰበስባለች። ሲሸሹ ወገን ያለቀባቸው ሰዎች የሟቾቹን ስም በደብተር ይጽፉ እንደነበር አጫወተችኝ። መቃብር የላቸውምና ያለዚያ ደብተር መኖራቸውም አይታወቅ።

«አባባ፣ አባትዎ የጻፉት ነገር ይኖር ይሆን?» አለችኝ።

ነበረ። ፊደሉ የእኛን የሚመስል ግን የማይነበብ፣ በየገጹ አናት መስቀል የተሣለበት። አባቴ ሲሞት እናቴ ምን እናድርገው ብላ ጠየቀችኝ። እኔ ዳዊት የደገምኩ ሊቅ አይደለሁ? ልፋፈ ጽድቅ ነው አልኳት፤ ከሟች ጋር የሚቀበር፣ ለነፍስ መንገድ የሚከፍት ጸሎት። ካህናቱም አልተቃወሙኝ። በገዛ እጄ ደረቱ ላይ አኖርኩት። ለቀስተኛው አስተዋይ ልጅ ብሎ አመሰገነኝ፤ እኔም ኮራሁ።

ይህን ስነግራት ብዕሯን አስቀመጠች። መቃብሩ ይከፈት እንደሆነ ፈራ ተባ እያለች ጠየቀችኝ። ወስጄ አሳየኋት። ቦታው ረባዳ ነው፤ ክረምት በገባ ቁጥር የፎገራ ውሃ ይተኛበታል። አጥንት የሚበላ ጭቃ ለወረቀት ይራራል? ቆማ አየችው፤ የመክፈቱን ነገር ዳግመኛ አላነሣችም።

«አንድ ስም እንኳ አያስታውሱም?» አለችኝ ስንመለስ።

እሁድ እሁድ ከቅዳሴ መልስ አባቴ ደብተሩን ገልጦ በዝግታ ያነብ ነበር። በየመስመሩ ያርፋል። እኔ አጠገቡ ተቀምጬ፣ ጸሎት መስሎኝ፣ ባረፈ ቁጥር አሜን እለዋለሁ። አንድ ቀን እንኳ አላረመኝም። ራሴን ዳበስ አድርጎ ወደሚቀጥለው ያልፋል። ለአያቴ፣ ለአክስቶቼ፣ ለአጎቶቼ ስም ነበር አሜን የምለው።

ነገርኳት። ስንት ጊዜ አሜን ይሉ ነበር አለችኝ። ዓይኔን ጨፍኜ በጣቴ እየቆጠርኩ ጀመርኩ፤ እሷም ለእያንዳንዱ ወረቀቷ ላይ ባዶ መስመር ታሰምራለች። አሥራ አንድ ላይ ቆም አልኩ።

«እዚህ ላይ ያበቃል?»

«የለም ልጄ» አልኳት፤ «አባቴ ገና ገጹን አልገለበጠም።»