የናዝሬት ቅጂ

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ አዳማ ውስጥ አንዲት የሞባይል ሽፋን መሸጫ ሱቅ በሯን ገርበብ ታደርጋለች። ሱቋ ድሮ ሙዚቃ ቤት ነበረች። ባለቤቱ፣ ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው ሽማግሌ፣ ካሴት የሚገዛ ሲጠፋ መደርደሪያውን ለስልክ ሽፋን ለቀቁት እንጂ የመቅጃ ማሽኖቻቸውን አልሸጡም። ከመጋረጃው ጀርባ አራት ወንበር አለ። እኛም አራት ነን፦ ጋሼ፣ ከመቂ የሚመጣው የሽንኩርት ደላላ፣ የዩኒቨርሲቲው መምህር እና እኔ።

የምንሰበሰበው ስለ አንድ የጃዝ ሳክስፎን ተጫዋች ለማውራት ነው። ስሙን አንጠራም፤ «ሰውዬው» ካልን ይበቃል። የትኛው ሙዚቃው የት እንደተቀዳ፣ የትኛው ሸክላ እንደገና እንደወጣ፣ ከበሮውን የመታው ማን እንደሆነ ሁለት ሰዓት ሙሉ እንከራከራለን። ስንጨርስ ባለፈው ቅዳሜም በዚሁ ተከራክረን እንደነበር ትዝ ይለንና እንለያያለን።

እኔ ጸሐፊ ነኝ። ማንም አልመረጠኝም፤ ደብተር ይዤ የምመጣው እኔ ብቻ ስለሆንኩ ነው። ፊደል የቆጠርኩት በሃያ ስድስት ዓመቴ፣ በማታ ትምህርት ነው፤ አስተማሪዬ በአራት ዓመት ታናሼ ነበር። ከመማሪያ መጽሐፍ ውጭ ከዳር እስከ ዳር አንብቤ የጨረስኩት የመጀመሪያ ጽሑፍ ጋሼ በእጃቸው የጻፉት የካሴት ወረቀት ነው፤ የሙዚቃዎቹ ዝርዝር፣ በዚህ ገጽ ይህ፣ በዚያ ገጽ ያ። ማንበቤ ብቻ አልበቃኝም። ለሒሳብ መለማመጃ ብዬ የያንዳንዱን ርዝመት በእጅ ሰዓቴ ለካሁና ከጎኑ ጻፍኩ።

የሁላችንም መነሻ ያ ካሴት ነው። ሶደሬ ሆቴል ሲጫወት የከረመ አንድ ሙዚቀኛ የሰውዬውን ሥራ በትልቅ የቴፕ ክር ይዞ መጥቶ ለጋሼ አዋሳቸው። ጋሼ ወደ ካሴት ገለበጡት። ከዚያ ወዲህ ከሞጆ እስከ ዝዋይ ያልደረሰበት ሻይ ቤት የለም። ስሙም «የናዝሬት ቅጂ» ነው። አዲስ አበባ የተገለበጠው ካሴት አንድ ሙዚቃ ይጎድለዋል፣ ደግሞም ይጎተታል፤ የጋሼ ግን ሙሉ ነው፣ ንጹሕ ነው፣ ይፈጥናል። እንከኑ መግቢያው ላይ ብቻ ነው። እዚያ ጋሼ ራሳቸው የሙዚቃ ቤታቸውን አድራሻ ይናገራሉ፤ ድምፃቸው ቀጭን ነው፣ አውቶቡስ ሊያመልጠው እንደደረሰ ሰው ይጣደፋል።

ደላላው ይህን በየሳምንቱ ያነሳዋል።

«ጋሼ፣ ያኔ ጥርስ አብቅለው ነበር?»

«አንተ ሽንኩርትህን ሽጥ» ይላሉ ጋሼ። አሁን ሲናገሩ ሽፋኖቹ ያሉበት የመስታወት ሣጥን ይንቀጠቀጣል።

ባለፈው ክረምት መምህሩ ለሥልጠና ውጭ አገር ሄዶ ሲመለስ ሸክላ ይዞ መጣ። ያው የእኛው ሥራ፣ አንድ የዚያ አገር አሳታሚ ከዋናው ክር ላይ እንደገና ያወጣው፣ ሁለት ሸክላ ሆኖ። አውሮፕላን ውስጥ ጭኑ ላይ አስቀምጦት ነው የመጣው። ደላላው «አካም ጂርቱ!» ብሎ ገባና ለሸክላው ክብር እጁን ሁለት ጊዜ በሳሙና ታጠበ። ሽንኩርቱ ግን አልለቀቀውም።

መርፌው አረፈ። ሰውዬው ነፋ። እኛም ተያየን።

«ምን ሆኗል?» አለ ደላላው። «አሞታል እንዴ?»

ዝግ ያለ ነው። ወፍራም ነው። እኛ የምናውቀው ሰውዬ ደረጃውን በሩጫ ይወጣል፤ ይኼኛው በየደረጃው ቆሞ ትንፋሹን ይሰበስባል።

«አበላሽተውታል!» አለ ደላላው። «ሁለት ሸክላ እንዲሞላላቸው ጎተቱት! ሽንኩርት ላይ ውሃ አርከፍክፎ ሚዛን እንደማስመታት ነው።»

«አንተ ታውቅበታለህ» አለ መምህሩ።

«አውቃለሁ! ስለማውቅ ነው የምናገረው።»

ለአሳታሚው ደብዳቤ እንዲጻፍ ተወሰነ። እኔ በአማርኛ እጽፋለሁ፤ መምህሩ ወደ እንግሊዝኛ መልሶ ይልካል። ጋሼ ደንበኛ መጣ ብለው ወደ ሱቁ ወጡ። ደንበኛ አልነበረም።

ሰው ደብዳቤ ጻፊልኝ ሲለኝ ያ የመጀመሪያዬ ነበርና ሳምንቱን ሙሉ ጻፍኩ። ሦስት ገጽ ወጣው። «በታላቅ አክብሮት፣ ነገር ግን በጥልቅ ኀዘን» ብሎ ይጀምራል። ሁለተኛው ገጽ ላይ ስደርስ ማስረጃ አማረኝ። ያለ ማስረጃ መክሰስ አልወድም። አሮጌውን ደብተሬን አወጣሁና በእጅ ሰዓት የለካሁትን፣ ሸክላው ሽፋን ላይ ከታተመው የየሙዚቃው ርዝመት ጋር አስተያየሁት።

በካሴቱ አራት ደቂቃ የሆነው በሸክላው አራት ደቂቃ ከሃያ አራት ሰከንድ ነው። ሦስት ደቂቃ ከሃያው ሦስት ደቂቃ ከአርባ ነው። የመጨረሻው፣ ሁላችንም ከሁሉ አብልጠን የምንወደው፣ በካሴት አምስት ደቂቃ ከሃያ ሰባት፣ በሸክላ ድፍን ስድስት። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በካሴቱ በየደቂቃው ስድስት ሰከንድ ይጎድላል። እንዲህ እኩል የሚጎድል ነገር በአጋጣሚ አይጎድልም። ከሁለቱ አንዱ ዋሽቷል፤ ግን የቱ ሮጠ፣ የቱ አዘገመ?

ካሴቱን ከተትኩ። ያ ቀጭን ድምፅ አድራሻውን እየተጣደፈ ተናገረ። ይህን ጊዜ ካሴቱን የገዛሁበት ቀን ትዝ አለኝ። ጋሼ ከባንኮኒው ኋላ «ምን ፈለግሽ?» ሲሉኝ ደንግጬ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ሄጄ ነበር። ድምፃቸው ያን ጊዜም እንደዛሬው ጎርናና ነበር።

ዓርብ ዕለት ወደ ሱቁ ሄድኩ። የስልክ ሽፋን ይደረድራሉ።

«ጋሼ፣ ትልቁ ክር ስንት ደቂቃ ነበር?»

እጃቸው ቆመ። «ስልሳ ስድስት።»

«ካሴቱስ?»

«ስልሳ። ዘጠናው ክሩ ስስ ነው፤ ይበጠሳል።» ወንበር ሳቡልኝ። «ደርሰሽበታል ማለት ነው። የመጨረሻውን ሙዚቃ መቁረጥ ነበረብኝ። ድፍን ስድስት ደቂቃ ናት፤ እሷ ብትወጣ ሌላው ልክክ ይላል። ሦስት ቀን ሙሉ መቀሱን ሳነሳ ስጥል ቆየሁ። በመጨረሻ የትልቁን ክር ማጫወቻ ሞተር ከፈትኩና ብሎኑን ሩብ ዙር አዞርኩት። ትንሽ ፈጠን አለ። ሁሉም ገባ።»

«የእርስዎም ድምፅ አብሮ።»

«መግቢያውን ትልቁ ክር ጫፍ ላይ ነበር የተናገርኩት። ምን ላድርግ።» ፈገግ አሉ፤ ግን አልቆየም። «ያ የመቂ ሰው በየሳምንቱ ሚኒባስ ተሳፍሮ የሚመጣው ቅጂዬ ንጹሕ ነው ብሎ ነው። ይኼን ሁሉ ዓመት ‹የጋሼ ቅጂ፣ የጋሼ ቅጂ› ሲል ዝም ብዬ ሰምቻለሁ። ነገ ሲያውቅ በምን ዓይኔ አየዋለሁ? ሦስት ወንበር ይበቃችኋል።»

ማጽናናት ነበረብኝ። የወጣኝ ግን ሌላ ነው፦ «ደብዳቤውን አልሰጥም፤ ሐሰት ነው።»

«አትስጪ» አሉ። «አትንገሪያቸው» አላሉኝም። ይህን ያስተዋልኩት ቤቴ ከገባሁ በኋላ ነው።

ቅዳሜ ተሰበሰብን። መምህሩ ላፕቶፑን ከፍቶ ተዘጋጀ። ደላላው እጆቹን አሻሸ።

«በይ እንግዲህ እህቴ፣ ልክ ልካቸውን ንገሪያቸው!»

ደብዳቤውን ይዤ ቆምኩ። አላነበውም እንዳልል ለምን ይሉኛል፤ ለምን እንደሆነ ብናገር የጋሼን ገመና እገልጣለሁ።

«ቆይ» አሉ ጋሼ።

ከመደርደሪያው ሥር ካቻቢቴ ይዘው ተነሱ። የካሴት ማጫወቻውን ጀርባ ፈቱ፣ ጎንበስ ብለው አንድ ነገር አዞሩ፣ ካሴቱን ከተቱ። ከድምፅ ማጉያው አንድ ጎርናና፣ ያልቸኮለ ድምፅ የሙዚቃ ቤቱን አድራሻ ተናገረ። የመስታወቱ ሣጥን ተንቀጠቀጠ። ደላላው የጋሼን አፍ አየ፤ አፋቸው ዝግ ነው። ከዚያ ሰውዬው ነፋ፤ በየደረጃው እየቆመ፣ ልክ እንደ ሸክላው።

ጋሼ ቆመው ሁሉንም ነገሩን፤ ስልሳ ስድስቱን፣ ስልሳውን፣ ብሎኑን። ጨርሰው ካቻቢቴውን በመሐረብ ጠረጉ። የሚጠረግ ነገር አልነበረበትም።

ደላላው የካሴቱን ማኅደር አንስቶ አገላበጠ።

«እኔ ለሠርጌ አዳራሽ የገባሁት በመጨረሻዋ ሙዚቃ ነው» አለ በመጨረሻ። «ሙሽራዋን እያስሮጥኳት ነው የገባሁት ማለት ነው?»

«በደቂቃ ስድስት ሰከንድ» አልኩ እኔ።

«እስከ ዛሬ ትወቅሰኛለች። ቬሎዬን ረገጥከው ትለኛለች።» ወደ ጋሼ ዞረ። «ለመሆኑ መቀሱን ያነሱት በየቷ ላይ ነበር?»

«በእሷው። በመጨረሻዋ።»

«በእሷ ላይ!» ደላላው ብድግ አለ፤ የሚወጣ መስሎኝ ነበር። ወንበሩን ጎትቶ ማጫወቻው አጠገብ ተቀመጠ። «ጋሼ፣ ብሎኑን ይመልሱልኝ።»

«ትክክለኛው እኮ ይኼኛው ነው» አለ መምህሩ።

«ትክክለኛውን አንተ ቤትህ ስማው። እኔ የኔን ነው የምፈልገው።»

ጋሼ ጎንበስ አሉ። ብሎኑ ቶሎ አልገኝ አላቸው፤ ዓይናቸውን በእጅጌያቸው ጠረግ አደረጉ።

«ስንት ነው ጋሼ?» አልኩ እስክሪፕቶዬን አዘጋጅቼ።

«ሩብ ዙር፤ ወደ ቀኝ።»

ጻፍኩት። ደብዳቤዬን ደብተሩ መሐል አጠፍኩት፤ እስካሁን እዚያው አለ። ሦስት ገጽ ነው፤ አንድም ስሕተት የለበትም፣ ከጉዳዩ በስተቀር።

ካሴቱ ዞረ። ያ ቀጭን ድምፅ አውቶቡሱ ሊያመልጠው እየተጣደፈ አድራሻውን መናገር ጀመረ።

«ጋሼ» አለ ደላላው፣ «ያኔ ጥርስ አብቅለው ነበር?»

«አንተ ሽንኩርትህን ሽጥ» አሉት፤ ሣጥኑ ተንቀጠቀጠ።