ከሳዙ ሥር ያለው ወንድሜ

ወንድሜ ፉትሂልስ ኢንዱስትሪያል በሚባለው የመጋዘን ሰፈር ዌርሃውስ ሲሠራ ከአንድ ቱርክ ጋር ተዋወቀ። ሰውዬው ሳዝ ይጫወታል፤ አንገቱ የረዘመ ክራር በሉት። እሱ የአያቶቹን የገጠር ዘፈን በሳዝ ይመታል፣ ወንድሜ ከሥሩ ሲንተሳይዘር የሚሉትን የኤሌክትሪክ ኦርጋን ይለቅበታል፣ ድምፁ ውሃ ውስጥ እንደገባ ሰው እየተጎተተ ይወጣል። እኔ "የሰከረ ሮቦት ለቅሶ" እላቸው ነበር። ይስቁብኛል እንጂ አይቀየሙኝም።

ባለፈው ዊንተር የወንድሜ መኪና በረዶ ላይ ተንሸራተተ፤ ወንድሜ ሞተ።

አርባው እስኪወጣ ቤታችን ቲቪ እንኳ አልተከፈተም። በማግስቱ ግን እናቴ፣ "ያንን ቱርክ ጥሪልኝ፤ የልጄን ሙዚቃ ልስማ" አለች።

አክስቴ ጮኸች። "ኧረ በማርያም! ዓመት ሳይሞላው ዘፈን? ሰው ምን ይላል?"

"ያሻውን ይበል። የሞተው የኔ ልጅ ነው።"

ሰውዬው ላፕቶፑንና ትንሽ ስፒከር ይዞ መጣ። ጫማውን በር ላይ አወለቀ፣ እንደ አገሩ ልማድ የእናቴን እጅ ስሞ ግንባሩ ላይ አደረገው። ከዚያ ከወንድሜ ጋር የቀዱትን ከፈተ። ሳዙ ሲጀምር እናቴ ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ ተወዛወዘች።

"የኔ አንበሳ! ጣቶቹን ስሚልኝ እስቲ! መቼ ተማረው?"

ዝም ማለት ነበረብኝ ይሆናል። እኔ ደግሞ ዝምታ አልችልበትም።

"እማ፣ እሱ አይደለም። የሚመታው ይሄ ሰውዬ ነው።"

"እና ልጄ የታለ?"

ለሰውዬው በእንግሊዝኛ ነገርኩት። ላፕቶፑ ላይ አጎነበሰ፤ እያንዳንዱ መሣሪያ ለየብቻው ነው የተቀዳው። ከበሮውን አጠፋ። የራሱን ድምፅ አጠፋ። በመጨረሻ ሳዙን። የቀረው የወንድሜ ነው፣ እንደ ፍሪጅ የሚያጉረመርም ነገር፤ ከፍ ዝቅ ይላል፣ ይቆማል፣ ደግሞ ይነሳል። ለብቻው ሰምቼው አላውቅም። ዘፈን አይመስልም፤ ለማውራት የፈለገና ያቃተው ሰው ይመስላል።

እናቴ ከሶፋው ወርዳ ምንጣፉ ላይ ተቀመጠች፣ ጆሮዋን ስፒከሩ ላይ ለጠፈች።

"ጨምርልኝ በይው።"

ጨመረ።

"አሁንም።"

ስፒከሩ መንጫረር ጀመረ። ሰውዬው አይኑን ከስክሪኑ ሳያነሳ ራሱን ግራና ቀኝ ነቀነቀ።

"ምን አለ?"

"አልቋል፣ እማ። ድምፁ ከዚህ በላይ አይሄድም።"

"ይተወው እንግዲያ። እንዳይነካው።"

ጆሮዋን እንደለጠፈች ቆየች። ሲያልቅም አልተነሳችም። ሰውዬው ማንም ሳይጠይቀው ከመጀመሪያው ከፈተው።