የሮሆቦት ለቅሶ በሜስኪት

ሸዋረገድ ዲቪ ደርሷት ዳላስ ስትገባ፣ የልጇ የቪዛ ፕሮሰስ በኋላ ያልቃል ተብላ፣ ሮሆቦትን ኮምቦልቻ እህቷ ዘንድ ትታት መጣች። ጋርላንድ ባለ የአዛውንቶች መጦሪያ እየሠራች ጠበቀቻት። ሜስኪት ለተከራየችው አፓርትማም ትንሽ አልጋ ገዛች።

ኦባማ በተመረጠ ሰሞን እህቷ እታለማሁ ደወለች።

«ሸዋዬ፣ እስቲ ቁጭ በይ።»

ልጅቷን ማጅራት ገትር ወስዷታል፤ ተቀብራለች።

ሸዋረገድ አላለቀሰችም። በማግስቱ ዩኒፎርሟን ለብሳ ሺፍቷን ገባች። ለማንም ትንፍሽ አላለችም። ብትናገር ሰው ይመጣል፤ ሰው ከመጣ ሮሆቦት የእውነት ትሞታለች።

ከምትንከባከባቸው አንዱ ሚስተር ሊያንግ የሚባሉ ቻይናዊ ሽማግሌ ነበሩ። ዕድሜያቸውን ሙሉ ያስተማሩት ከሺህ ዓመት በፊት ስለኖረ አንድ ባለቅኔ ነው። አንድ ቀን ከሰዓት ፀጉራቸውን ስታበጥርላቸው፣ ሁለቱም በሚሰባብሩት እንግሊዝኛ ያጫውቷት ጀመር። ባለቅኔው ንጉሡን ደፍሮ ቢገሥጽ ወደ ዳር አገር ተጋዘ። ቤተሰቡም ተከትሎት እንዲሄድ ታዘዘ። ትንሿ ልጁ ታማ ነበር፤ መንገድ ላይ ሞተች፤ ኮረብታ ሥር ቀብረዋት አለፉ።

«ከዚያስ?» አለች ሸዋረገድ፣ ማበጠሪያውን እንደያዘች።

«ከዚያማ ምሕረት አግኝቶ ሲመለስ በመቃብሯ በኩል አለፈ። ግጥም ጻፈላት።»

«ግጥሙ መለሳት?»

ሽማግሌው ዓይናቸውን ጨፈኑ። ግጥሙን በቻይንኛ፣ በዜማ አወረዱት። አንድም ቃል አልገባትም። ዜማው ግን ከአገሯ አልቃሽ አፍ የወጣ መሰላት። ወለሉ ላይ ተዘርፍጣ ደረቷን እየመታች ሙሾ አወጣች፦

ቪዛሽ ይመጣል ስል አልጋሽን ሳነጥፍ፣
አፈር ቀደመብኝ ገላሽን ለማቀፍ።

«ማን ሞተብሽ፣ ልጄ?»

«ሮሆቦት» አለች። እታለማሁ ከደወለች ወዲህ ስሟን ጮክ ብላ ስትጠራ የመጀመሪያዋ ነበር።

ጩኸቱን ሰምታ የመጣችው ሱፐርቫይዘር ወደ ቤቷ ላከቻት። ቤቷ ገብታ ለአንዲት የአገሯ ልጅ ደወለች፤ ወሬውም በስልክ ተዳረሰ፤ እስከ እሑድ አፓርትማው በለቀስተኛ ሞላ። ከሰዓት በኋላ ሚስተር ሊያንግ ማኪኒ የሚኖረውን ወንድ ልጃቸውን አስነድተው በዊልቸር ደረሱ። ሴቶቹ ተጠጋግተው ቦታ ለቀቁላቸው። እየተለቀሰ አጎንብሰው ተቀመጡ።

ሊሄዱ ሲሉ ሸዋረገድ ጎንበስ ብላ ጠየቀቻቸው።

«ይቀለኛል?»

እጇን ያዟት። ሊዋሿት አልፈለጉም።

«ያን ባለቅኔ እስኪሞት አልቀለለውም» አሏት።

ራሷን ነቀነቀች። ዊልቸሩን እየገፋች እስከ መኪናው ሸኘቻቸው።