የወርቅአየሁ ሦስተኛ ምስክር

በዳንግላ መናኸሪያ፣ ባጃጆች ተራ ከሚይዙበት ጥግ፣ ቅቅል ድንች የምትሸጥ ወርቅአየሁ የምትባል ሴት አለች። ድንቹን በኮባ ቅጠል ላይ አድርጋ፣ ጨውና ሚጥሚጣ ከዳር ነስንሳ ትሰጣለች። ተሳፋሪው ሲጣደፍ እሷ አትጣደፍም። ረዳቶቹ «እትዬ ወርቄ፣ መኪናው ሊሄድ ነው እኮ» ሲሏት «መኪናው ይሂድ፤ ድንቹ ግን ጥሬውን አይሄድም» ትላለች። ዕድሜዋ ከሃምሳ ያለፈ ይመስለኛል። ከከተማው ሰው ጋር በአማርኛ፣ ድንቹን በአህያ ጭነው ከሚያመጡላት ገበሬዎች ጋር ደግሞ በአዊኛ ትነጋገራለች። ልጅ የላትም፤ ከመናኸሪያው ጀርባ ባለች የኪራይ ቤት ብቻዋን ትኖራለች።

ይህን ሕይወት ለመጻፍ እኔ የምበቃ ስለመሆኔ እርግጠኛ አይደለሁም። ለተግባር ልምምድ በተመደብኩበት የቀበሌ ጽሕፈት ቤት ጥቂቱን በዓይኔ አይቻለሁ፤ የቀረውን የነገሩኝ የነዋሪዎች ምዝገባ ሠራተኛዋ ዋጋዬና ራሷ ወርቅአየሁ ናቸው። ወርቅአየሁ ስትፈቅድልኝ «ጻፈው፤ ብቻ አታሳምረው» ብላኛለች። ቃሏን ለመጠበቅ ሞክሬአለሁ።

የተወለደችው ከአዲስ ቅዳም ወጣ ብሎ በሚገኝ መንደር ሲሆን አባቷ ይኸነው ያወጣላት ስም ምህረቴ ነበር። ገና ልጅ ሳለች በዳንግላ ዙሪያ ለሚኖር ሰው ተዳረች። በእነሱ ዘንድ በነበረው ልማድ ሙሽራ የባሏን ቤት ስትረግጥ አማቷ አዲስ ስም ታወጣላታለች፤ ምህረቴም በዚያው ቀን ወርቅአየሁ ተባለች። ይህ የባል ቤት ስም ነው። በይኸነው ቤት ማንም ማን ተባለች ብሎ አልጠየቀም፤ እኛ ስም አውጥተን ነው የሰጠናት ይሉ ነበር።

ባሏ ይመታት ነበር። ስለ እሱ ከዚህ በላይ እንድጽፍ አልፈለገችም። ሸሽታ ወደ አባቷ ቤት በተመለሰች ቁጥር ታላቅ ወንድሟ አድማሴ በአባታቸው ትእዛዝ መልሶ ይወስዳታል። ያን መንገድ የምታስታውሰው በወንድሟ ጀርባ ነው። እሱ ዱላውን በትከሻው አጋድሞ ከፊት ይሄዳል፤ እሷ ትከተላለች። ከደጅ ሲወጡ «ተከተይኝ» ይላታል፤ እሷም «ቅደም፣ እከተላለሁ» ትለዋለች፤ ከዚያ በኋላ እስኪደርሱ ድረስ አይነጋገሩም።

በመጨረሻ በሩን የከፈተችላት አማቷ ነበረች። ልጇ ለእርሻ እስኪወጣ ጠብቃ ዳቦ ቆሎ ቋጠረችላትና «ወደ አባትሽ ቤት እንዳትሄጂ፤ ከዚያ እዚህ የሚያመጣውን መንገድ ለምደውታል» አለቻት። ምህረቴ ወደ ከተማ ገባች። ይኸነው ይህን ሲሰማ በደብሩ ታቦት ስም ገዘተ፤ እግሯ ደጁን እንዳይረግጥ፣ ከቤቱም ሰው ማንም ስሟን እንዳያነሳ።

ከተማ ገብታ ቤት ስትከራይ ቀበሌው መዘገባት። ስሟን ስትጠየቅ ወርቅአየሁ አለች። ምህረቴ ብትል ወንድሟ ፈልጎ እንዳያገኛት ፈርታለች፤ ደግሞም በሩን የከፈተችላት ሴት ያወጣችላት ስም ነው። የአባት ስም ሲሏት የባሏን አባት ስም ሰጠች። የትውልድ ቦታዋን ሲጠይቋት ግን፣ መዋሸት ሰልችቷት ይሁን ወይም ሳታስበው፣ የአዲስ ቅዳምን ወረዳ፣ ፋግታ ለኮማን፣ ጠርታ እውነቱን ተናገረች። ከዚያ ወዲያ እድሩም፣ ጎረቤቱም፣ ገበያውም ወርቅአየሁ አላት። ዓመታት አለፉ።

አባትየው ከሞተ በኋላም ግዝቱ እንደ ቆመ ነበር። ነገሩን ያንቀሳቀሰው የአድማሴ ልጅ ሠርግ ነው። አድማሴ አሁን ስድሳዎቹን ያጋመሰ፣ ዲከረንስ የሚባለውን ዛፍ ተክሎ ከሰል የሚያከስል ገበሬ ነው። ልጁ እመቤት ለጥር ታጭታ ድግሱ ሲጠነሰስ፣ እናቱ እታለማሁ ሽማግሌዎች በተቀመጡበት፣ ምህረቴ በዚህ ቤት ሳትቀመጥ ሙሽራ አልመርቅም አለች። አሮጊቷ ዓይኗ ደክሟል እንጂ ቃሏ አልደከመም። ያለ አያት ምርቃት ልጅ መሸኘት ደግሞ ለአድማሴ የሚታሰብ አይደለም። የንስሐ አባታቸው ግዝቱን ለመፍታት ፈቃደኛ ነበሩ፤ ነገር ግን የተገዘተባት ሴት በሕይወት ትኑር አትኑር የሚያውቅ አልነበረም። አንድ የከሰል መኪና ሾፌር ብቻ፣ ከብዙ ጊዜ በፊት፣ ዳንግላ ላይ የይኸነውን ልጅ የምትመስል ሴት አየሁ ብሎ ነበር።

አድማሴ በገበያ ቀን በሚኒባስ ዳንግላ ወርዶ እኛ ቀበሌ መጣ። ዋጋዬ ምህረቴ ይኸነው ብላ ፈለገች፤ የለችም። ለሌሎቹ ቀበሌዎች ደወለችለት፤ እዚያም የለችም። ከዚያ የሙሽርነት ስሟን ጠየቀችው።

አድማሴ ዱላውን ከአንዱ እጁ ወደ ሌላው አዛወረ። «እሱንስ አልጠየቅንም» አለ።

«በሠርጉ አልነበሩም?»

«ነበርኩ እንጂ። ያደረስኳት እኔ ነኝ። የሰው ቤት ስም ምን ይሠራልናል ብለን ነው።»

ዋጋዬ ባለጉዳይ ፊት አትቆጣም። እሱ ከወጣ በኋላ ግን ፋይሉን እየመለሰች «በቅሎ ሸጠው ቢሆን ኖሮ ገዢው ማን ብሎ እንደሚጠራት ይጠይቁ ነበር» አለች።

በስም ስላልተገኘች በትውልድ ቦታ መፈለግ ጀመረች። ከፋግታ ለኮማ መጥተው ብቻቸውን የሚኖሩ ሴቶችን የቤተሰብ ማኅደር ለየች። ብዙ አልነበሩም፤ ከመካከላቸው አንዷ ምሳዋን የምትገዛባት ድንች ሻጭ ሆና ተገኘች። ዋጋዬ የተፈላጊውን አድራሻ ተፈላጊው ሳይፈቅድ ለፈላጊ አትሰጥም። ይህ በመመሪያ የተጻፈ መሆኑን ጠይቄያት ነበር፤ «የሚፈለገው አንተ ብትሆንስ?» ከማለት በቀር መልስ አልሰጠችኝም። ስለዚህ ለአድማሴ አንዳች ሳትናገር፣ ምሳ ልንገዛ አብረን ወደ መናኸሪያው ወረድን።

ዋጋዬ ስሙን ጠቅሳ ነገሩን ነገረቻት፤ አድማሴ የሚባል ሰው ምህረቴ የምትባል እህቱን እየፈለገ ነው። ወርቅአየሁ የያዘችውን ድንች መላጥ አላቆመችም።

«ዛሬ ምን አስፈለገችው?»

«ልጁን ሊድር ነው። እናትየው ምህረቴን ሳላይ አልመርቅም ብለዋል።»

የድንቹ ልጣጭ ተቆረጠ። «እናቷ አለች?»

«አሉ።»

ወርቅአየሁ ጨው ባለበት ድንች ላይ ጨው ጨመረች። ዋጋዬ ቅጠሉን ተቀብላ ቆመች፤ እኔም ወዴት ማየት እንዳለብኝ ስላላወቅሁ ባጃጆቹን አየሁ። ወርቅአየሁ «አልሞተችም በይው» አለች። «ከዚያ ሌላ ምንም አትበይው።»

አድማሴ ለመልስ ሲመጣ ዋጋዬ ያንኑ ብቻ ነገረችው። የት እንደሆነች እንድትነግረው ለመናት፤ አልነግርዎትም አለችው። አልተቆጣም። ወጥቶ በረንዳው ላይ ካለው አግዳሚ ወንበር ተቀመጠ። ከዚያ ወዲህ ገበያ በዋለ ቁጥር እየመጣ፣ ዱላውን በጉልበቶቹ መካከል ተክሎ፣ የሚገባ የሚወጣውን ሰው እያየ ይውላል። ጥበቃው አላስችል ብሎት «አባባ፣ ነዋሪ ሊሆኑ ነው፤ መታወቂያ እናውጣልዎት?» አለው። አድማሴም «ሰው የምትሸሽጉ ሰዎች ለኔ መታወቂያ ትሰጣላችሁ?» ብሎ መለሰለት። ጥርም እየቀረበ ነበር።

ከእነዚያ ቀናት በአንዱ ሲመለስ ርቦት ኖሮ ከወርቅአየሁ ድንች ገዛ። እሷ ገና ከሩቅ አውቃዋለች፤ ዱላው አሁን በትከሻው አልነበረም፣ ይደገፍበት ነበር። እሱ አላወቃትም። የሚፈልገው ያኔ የሚያውቃትን ልጅ ስለነበረ ይመስለኛል። ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ግማሹን በላ፤ ግማሹን በቅጠሉ ጠቅልሎ ኪሱ ከተተው።

ወርቅአየሁ ድምፅዋ እንዳያጋልጣት በአማርኛ፣ ያውም በከተሜ አነጋገር፣ ድንቹ አልጣፈጠ እንደሆነ ጠየቀችው።

«ጣፍጧል። ለእናቴ ነው፤ ጥርስ የላትም።»

«ደኅና ናቸው?»

«ደኅና ናት። ትጠብቃለች» አለና የረዳቱን ጥሪ ሰምቶ ተነሣ።

በሚቀጥለው የገበያ ቀን ወርቅአየሁ ሁለት ጎረቤቶቿን አስከትላ ቢሮው ገባች። በማኅደሯ ያለው ስም ይታረምልኝ አለች። ዋጋዬ ምክንያቱን ስትጠይቃት «አማቴ ካረፈች ቆየ። ያወጣችልኝን ስም ሳላሳፍር ይዤው ኖሬአለሁ። አሁን የእናቴን ልጅ ስም መልሱልኝ» አለች።

ጉዳዩ ከቀበሌ አልፎ የሚሄድ ቢሆንም መነሻው የቀበሌው የድጋፍ ደብዳቤ ነው፤ ለዚያ ደግሞ ሦስት ሰው መመስከር አለበት። ጎረቤቶቿ የሚያውቋት ወርቅአየሁ በሚለው ብቻ ነው። ከሁለቱ አንዱ፣ የእድሩ ጸሐፊ ኪዳኑ፣ ለወዳጁ የማይሆነው የሌለ ሰው ነውና ከልጅነቷ ጀምሮ ምህረቴ ስትባል አውቃለሁ ብሎ ሊምል ተነሣ። ወርቅአየሁ በእጇ አስቀመጠችው። «አንተ በልጅነትህ ራስህንም አታውቅ» አለችው። ዋጋዬ ቢያንስ አንዱ ምስክር ስሟ ሲወጣ የነበረ ሰው መሆን እንዳለበት ነገረቻት።

ወርቅአየሁ ወደ መስኮቱ ተመለከተች። «ያ ሰውዬ ዛሬም ተቀምጧል?»

«ተቀምጠዋል።»

«ጥሪው። እህትህ ተገኘች ብለሽ አይደለም። ምስክር ተፈለገ ብለሽ ጥሪው።»

አድማሴ ባርኔጣውን አውልቆ ገባ። የሰው ጉዳይ የመሰለው ይመስለኛል፤ ምን እንዲመሰክር እንደ ተፈለገ እንኳ አልጠየቀም። ዋጋዬ እንደ ደንቡ ይህችን ሴት ያውቋት እንደሆነ ጠየቀችው። አየት አደረጋትና ድንች የሸጠችለት ሴት መሆኗን ተናገረ፤ ከዚያ ሌላ አላውቃትም አለ።

ያን ጊዜ ወርቅአየሁ በአዊኛ አንዲት አጭር ነገር አለች። እኔ አዊኛ አልሰማም፤ ዋጋዬ በኋላ ተርጉማልኛለች። «ቅደም፣ እከተላለሁ» ነበር ያለችው።

አድማሴ መቀመጫ ፈለገ። ኪዳኑ ተነሥቶ የራሱን ለቀቀለት። ባርኔጣውን ፊቱ ላይ አድርጎ አለቀሰ።

«አልቅስ አልተባልክም» አለች ወርቅአየሁ። «መስክር ነው የተባልከው።»

አድማሴ ፊቱን ጠርጎ ወደ ዋጋዬ ዞረ። «ምህረቴ ይኸነው ናት። የአባቴ ልጅ ናት። ስሟ ሲወጣ ነበርኩ» አለ። ቀጥሎም «እየመለስኩ የወሰድኳትም እኔ ነኝ» አለ። ዋጋዬ የመጨረሻዋን ዐረፍተ ነገር አልጻፈቻትም፤ በቃለ ጉባኤው ላይ ለእንዲህ ያለ ነገር የተተወ ቦታ የለም። ሦስቱ ፈረሙ።

ስለ ሠርጉ አድማሴ እዚያው መለመን ጀመረ፤ እናታቸውን፣ ግዝቱን፣ የንስሐ አባቱን፣ የቀረውን ጊዜ እያነሣ። ወርቅአየሁ እስኪጨርስ አዳመጠችው።

«እመጣለሁ» አለች። «ለእናቴ ስል እመጣለሁ። አንተ ግን ልጅህ እመቤት አንድ ቀን ተመልሳ ከደጅህ ብትቆም፣ መልሰህ የምትወስዳት አንተ አይደለህም። ማልልኝ አልልህም፤ በቤታችን መሐላ በዝቷል። እነዚህ ሰዎች ፊት በለው።»

«አልመልሳትም።»

«አማቷ የምታወጣላትንም ስም ጠይቅ።»

ሠርጉን አላየሁትም። ግዝቱ በቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር እንደ ተፈታ፣ እታለማሁም የልጇን ፊት በጣቶቿ ስትዳስስ ቆይታ «ከስተሻል» ብቻ እንዳለቻት፣ ከዚያም ሙሽራዋን አስቀምጣ ረጅም ምርቃት እንደ መረቀች ሰምቻለሁ። ሙሽራውና ሚዜዎቹ በፈረስ መጥተው እመቤትን ወሰዷት። በመልሱ ቀን አድማሴ ከሙሽራው እናት ፊት ቆሞ ልጄን ማን አላችኋት ብሎ ሲጠይቅ የሠርገኛው ሳቅ ቀላል አልነበረም ይባላል። አንዱ ዘመድ፣ የአማት ቤት ስም የሚጠይቅ አባት አማቲቱንም ሊያገባ ነው ብሎበታል። አድማሴ መልሱን ሳያገኝ አልተቀመጠም።

የስም እርማቱ ጊዜ ቢወስድም አለቀ፤ ወርቅአየሁ ምህረቴ ይኸነው የሚል መታወቂያ አላት። መናኸሪያው ግን ዛሬም እትዬ ወርቄ ይላታል፤ አቤት ትላለች። የትኛው ስም ይሻላት እንደሆነ ጠይቄያት ነበር፤ ሁለቱም ከሴት የተቀበልኳቸው አይደሉም ወይ፣ አንዱን ያወጣው አባቴ ቢሆንም ስትጠራኝ የኖረችው እናቴ ናት አለችኝ። ይህን በሚገባ የተረዳሁት አይመስለኝም።

ልምምዴ ሊያበቃ ሲል አድማሴ አንድ ጊዜ ወደ ቢሮው መጣ። በአግዳሚው አልተቀመጠም፤ ቀጥታ ገብቶ የእመቤትን የሙሽርነት ስም ጻፊልኝ አላት ዋጋዬን። ዋጋዬ እመቤት የተዳረችው አዘና በመሆኑ የዚህ ቀበሌ ነዋሪ እንዳልሆነች፣ እሱም ራሱ የፋግታ ለኮማ ሰው እንደ ሆነ፣ የምትጽፍበትም መዝገብ እንደሌላት ቀስ ብላ አስረዳችው።

«አውቃለሁ፣ ልጄ» አለ። «ስሚው ብቻ። የሻረግ ነው የተባለችው።»

ዋጋዬ ስሙን ደግማ ጠራችው። አድማሴ ራሱን ነቀነቀና ዱላውን እየተደገፈ ወደ መናኸሪያው ወረደ።