አርባ ሹራብ ይዤ ወደ ደባርቅ

ጎንደር፣ ከንጋቱ አስራ አንድ ሰዓት ተኩል

ገና አልነጋም። ኑሩ የሱቁን ቆርቆሮ በር ግማሹን ከፍቶ ቦርሳውን በጉልበቱ ተጭኖ ዚፑን ይስባል። ዚፑ እምቢ ይላል። አርባ ባለ ኮፍያ ሹራብ በአንድ ቦርሳ አይገባም ብዬው ነበር።

«ይገባል» ይላል። «ወንድምህ ስልሳ ያስገባ ነበር።»

«የእሱ እኮ ቲሸርት ነው።»

«አንተ ልጅ፣ በጠዋት አትከራከረኝ።»

ይህን ገጽ የምታነቡ ብሩክን ታውቁታላችሁ። ታላቅ ወንድሜ ነው። ለልብሳችን «ውርጭ» የሚለውን ስም ያወጣው፣ ንድፉን የሚሠራው፣ ለእያንዳንዱ ንድፍ የሄደበትን ገዳምና የተሳፈረበትን መኪና እዚህ የሚጽፍላችሁ እሱ ነበር። ኑሩ ይሰፋል፣ ያትማል። እኔ ከአራዳ እስከ ማራኪ ለገዢዎች አደርሳለሁ። ሥራዬ ያ ብቻ ነበር። ብሩክ በኩላሊት ሕመም ካረፈ ሁለት ወር አለፈ። እኔ እንደ እሱ መጻፍ አልችልም። አስራ ሁለተኛን ጨርሻለሁ፤ በድርሰት ግን ጎበዝ አልነበርኩም። ታገሡኝ።

የምሄድበትን ምክንያት ልንገራችሁ። ለቅሶ ላይ አንዲት ሴት «የቤተ ክርስቲያን ነገር ሰርቆ ልብስ ላይ እያተመ ሲሸጥ፣ ምን ይሁን ብላችሁ ነው? ተቀስፎ ነው እንጂ» አለች። ቀስ ብላ ነው ያለችው። ግን ድንኳኑ ሁሉ ሰማ። እናቴም ሰማች። ከዚያ ወዲህ እናቴ ቤተ ክርስቲያን ትሄዳለች፣ ከቅጥሩ ግን አትገባም። ከበሩ ውጭ፣ ከግንቡ ጥግ ቆማ አስቀድሳ ትመለሳለች። ለምን እንደሆነ አትናገርም። እኛም አንጠይቃትም።

የብሩክ የመጨረሻ ንድፍ የተቀዳው ከደባርቅ በላይ የሚኖሩ አንድ መሪጌታ ከጻፉት ብራና ነው። ጸሎት ነው፤ ዙሪያውን ሐረግ የሚባለው የተጠላለፈ ጌጥ አለው። ብራናው ከትራሱ ሥር ተገኘ። ሰጥተውት ነው ወይስ ወስዶባቸው? አላውቅም። ትናንት ማታ እናቴ «ሄደህ ጠይቃቸው» አለችኝ። «ያሉህን ሳትጨምር ሳትቀንስ ንገረኝ።» ፈቅደውለት ከሆነ ሹራቦቹን ይባርኩልኛል። ካልፈቀዱ እዚያው ጥያቸው እመለሳለሁ። ለዚህ ነው አርባውንም የያዝኩት።

ዚፑ ተዘጋ። ኑሩ ቦርሳውን እያየ ቆመ።

«ይሄ ቀለም ግን…» አለ።

«ጓሳ ነው። ብሩክ ራሱ የመረጠው። ደጋው ላይ እንዳለው ሣር፣ ደብዛዛ አረንጓዴ።»

«ጓሳ መሆኑን የምናውቀው አንተና እኔ ነን።»

ነገሩን ያኔ አላሰብኩበትም።

አምባ ጊዮርጊስ፣ ሁለት ሰዓት ከሩብ

ሚኒባሱ አራት መቶ ብር ነው፤ ለቦርሳው መቶ ጨመርኩ። ወለቃን አልፈን ዳገቱን ስንያያዝ ጭጋጉ መስታወቱን ሸፈነው። ኮሶዬ ላይ ገደሉ አይታይም። ባይታይም አለ። ሹፌሩ በአንድ እጁ መስታወቱን በጨርቅ ይጠርጋል፣ በሌላው ይነዳል። ዳባት ተወልዶ ያደገ ሰው ነው፤ ተሳፋሪው «አያ ሞላ» ይለዋል።

«አያ ሞላ፣ መንገዱ ሰላም ነው?» ትላለች ከፊት ያለች ሴት።

«ትናንት ሸጋ ነበር።»

«ዛሬስ?»

«ዛሬን ስንመለስ ጠይቂኝ።»

ማንም አልሳቀም።

አምባ ጊዮርጊስ ቆምን። የተቀቀለ ድንች በአዋዜ፣ አምስቱ በሃምሳ ብር። ገብስ የጫኑ አህዮች። ጋቢ እስከ ዓይናቸው የተከናነቡ ሰዎች። ድንቹ እጄን አሞቀው፤ መብላት ግን አልቻልኩም። የብሩክን ደብተር አወጣሁ። ሐረጉን በእርሳስ ስሎታል። መሀሉ ላይ አንድ ሳጥን አለ፣ ባዶ። ሳይጨርሰው የሞተ መስሎኝ፣ ለኅትመቱ ከብራናው ላይ አይቼ ሳጥኑን የሞላሁት እኔ ነኝ። «ዕቀቦ ለገብርከ ወልደ ገብርኤል» ይላል። አገልጋይህን ወልደ ገብርኤልን ጠብቀው ማለት ነው። ወልደ ገብርኤል የብሩክ የክርስትና ስሙ ነው። ሰው ለሙት ዓመት ፎቶ ያለው ቲሸርት ያሳትም የለ? ከዚያ የተሻለ መታሰቢያ መስሎኝ ነበር። ኑሩም እንዳመጣሁለት አተመው። አርባው ጀርባ ላይ የወንድሜ ስም አለ።

ዳባት ሳንደርስ፣ ሦስት ሰዓት

ፍተሻ። ገመድ ተወጥሯል። ሁላችንም ወረድን። ወንዶች በአንድ በኩል፣ ሴቶች በሌላ። መታወቂያ በእጅ።

ቦርሳዬን የከፈተው ወጣት ነው፤ ከእኔ ብዙም አይበልጥም። አንዱን ሹራብ አወጣ። ሁለተኛውን። ሦስተኛውን። ከዚያ ቀና ብሎ «አለቃ!» ብሎ ተጣራ። ሹፌሩ «ወይ ጉድ» ሲል ሰማሁት።

አለቃው ቀጭን ሰው ነው፤ አንገቱ ላይ ሻሽ ጠምጥሟል። ሹራቡን በሁለት ጣቱ አንጠልጥሎ አየው።

«ስንት ነው?»

«አርባ።»

«አርባ የደንብ ልብስ። ለማን ነው?»

«የደንብ ልብስ አይደለም፣ ጌታዬ። የሚሸጥ ነው። ፋሽን ነው።»

ከኋላዬ አንድ ሰው ሳቀ፤ ወዲያው ሳቁን ዋጠው። የኑሩ ነገር ያኔ ገባኝ። ጓሳ መሆኑን የምናውቀው እኔና እሱ ነን።

ወጣቱ ጀርባው ላይ ያለውን በጣቱ እየተከተለ አነበበ። አነባበቡ እንደ ቄስ ትምህርት ቤት ልጅ ነው፣ እያዜመ። «ዕቀቦ ለገብርከ ወልደ ገብርኤል። ሁሉም ላይ ይህ ነው ያለ።»

«ወልደ ገብርኤል ማነው?» አለ አለቃው። «መሪያችሁ ነው?»

«ወንድሜ ነው።»

«የት ነው ያለ?»

«ሞቷል።»

«የት ሞተ? ከእነ ማን ጋር ሆኖ?»

ጥያቄው ወዴት እንደሚሄድ ገብቶኛል። «ኩላሊት… ሆስፒታል…» አልኩ። ብራናውን ከደረት ኪሴ አወጣሁ። «የጻፉት ከደባርቅ በላይ ያሉ መሪጌታ ናቸው፤ ወደ እሳቸው ነው የምሄደው» አልኩ። ወጣቱ ተቀብሎ ሲያየው ፊቱ ትንሽ ተለወጠ።

ሹፌሩ ሳይጠራ ቀረበ። «ጌታው፣ የዚህን ልጅ ወንድም አውቀዋለሁ። ስንት ጊዜ ጭኜዋለሁ። ደብተር ይዞ ገዳም ለገዳም የሚዞር፣ ሹራብ የሚሸጥ ልጅ ነበር። በሙዚቃ ምርጫ ከመጣላታችን በቀር ክፉ አልወጣውም።»

አለቃው ቦርሳውን በእግሩ ወደ ራሱ ሳበው።

«መታወቂያህና ቦርሳው እዚህ ይቆያሉ። አንዱን ሹራብና ብራናውን ይዘህ ሂድ። እኒያ መሪጌታ ልጁን እንደሚያውቁት፣ ይህ ነገር ከእርሳቸው እንደመጣ በጽሑፍ አምጣ። ከአስር ሰዓት በፊት። ከዚያ በኋላ እኔም እዚህ የለሁ፣ ቦርሳህም የለ።»

ደባርቅ፣ አራት ሰዓት ተኩል

ያለ መታወቂያ ደባርቅ ወረድኩ። አያ ሞላ «በስምንት ተኩል እመለሳለሁ፣ አንድ ደቂቃ አልጠብቅህም» አለኝ። ምግብ ቤት ገብቼ ሽሮ አዘዝኩ፣ መቶ ሃያ ብር፤ ሦስት ጉርሻ በልቼ ተነሣሁ። ከከተማው ወጥቶ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ የሚወስደው መንገድ የአንድ ሰዓት እግር ነው። ነፋሱ ፊት ይቆርጣል። ብሩክ ልብሱን «ውርጭ» ያለው እዚህ ካደረ በኋላ ነው። «ብርዱ ሁሉንም ያስረሳሃል፣ ስምህ ብቻ ይቀርሃል» ብሎ ጽፎ ነበር፣ እዚሁ ገጽ ላይ። ያኔ ማጋነን መስሎኝ ነበር።

በየጥቂቱ ስልኬን አወጣለሁ። ኔትወርክ የለም። ሰዓቱን ግን ያሳያል።

ከመሪጌታው ዘንድ፣ ስድስት ሰዓት

ከቅጥሩ ጎን ባለች የሣር ቤት ደጃፍ ላይ ተቀምጠዋል። ሽማግሌ ናቸው፤ ጣታቸው በቀለም ጠቁሯል። ጉልበታቸውን ስሜ የብሩክ ወንድም መሆኔን ነገርኳቸው። ከኋላዬ ሰው ይፈልጉ ጀመር።

«እሱ ምነው ቀረ?»

አልሰሙም ነበር። ነገርኳቸው። ነጠላቸውን ወደ ፊታቸው ሳብ አድርገው ጸሎት ጀመሩ። እኔ ሰዓት እየቆጠርኩ ነው። በዚያች ሰዓት መቁጠሬ አሳፈረኝ።

«የኔታ፣ ብራናውን ሰጥተውት ነው?» አልኩ። እንዲህ አፍረጥርጬ ልጠይቅ አላሰብኩም ነበር።

«ማን ሊሰጠው ኖሯል? ታምሜያለሁ አለኝ፤ በስሙ ጻፍኩለት።»

«ልብስ ላይ እንዲያትመውስ?»

«ሹራቡን አሳየኝ።»

ጉልበታቸው ላይ ዘረጉት። በጣታቸው ጨርቁን ፈተኑት። «ሸጋ ነው። ይሞቃል» አሉ። ከዚያ ጣታቸው ሳጥኑ ላይ ደርሶ ቆመ።

«ይህን ማን አስገባው?»

«እኔ።»

«ምነው?»

«ያላለቀ መሰለኝ።»

«አልቆ ነበር።» ቁጣ የለበትም ድምፃቸው፤ ያ ይብሳል። «ወንድምህ ሦስት ጊዜ መጥቶ ለመነኝ። ሁለቴ መለስኩት። በሦስተኛው፣ ለምን ትፈልገዋለህ ብለው፣ ከተማ ያሉ ልጆች የማያውቁትን ሰው ስም ጀርባቸው ላይ አዝለው ይሄዳሉ አለኝ። የፈረንጅ ስም፣ የጫማ ስም፣ የኳስ ተጫዋች ስም። እኔ ቦታውን ባዶ እተውላቸዋለሁ፣ እያንዳንዱ የራሱን የክርስትና ስም ይጻፍበት አለ። ይኸን ጊዜ ሐረጉን ሰጠሁት። ጸሎቱን አልሰጠሁትም። ስም አታስገባ አልኩት። እሺ አለኝ። በቃሉ ሄዷል።»

«እኔ ነኝ እንግዲህ የሰረቅኩት» አልኩ።

«አንተ አዝነህ ነው። ግን አየህ፣ ሙት ከሕመም አይጠበቅም፤ እሱ የሚያስፈልገው ሌላ ጸሎት ነው። ይህን የሚለብሰው ልጅ ደግሞ የሌላ ሰው ስም ለብሶ እሱ ባዶውን ይቀራል።»

ቀለሙ እንደማይለቅ ነገርኳቸው። በጨርቅ ብሸፍነውስ?

«ሸፍነው። የሙት ስም መሸፈኑ ነውር የለበትም።»

ከዚያ ብራናውን ጠየቁኝ። ከወንበራቸው ሥር ትንሽ ቢላ አወጡ። ብራና ከሰው ወደ ሰው ሲተላለፍ የፊተኛው ስም ይፋቃል፣ የአዲሱ ይጻፋል፤ ልማዱ እንዲህ ነው።

«የክርስትና ስምህ ማነው?»

ቢላው ቆሟል። «አይፋቁት» ልል ነበር። የእጅ ጽሑፋቸውን፣ ያቺን ቀይ ቀለም፣ ሁለት ወር ሙሉ ሳያት ነበር። እሳቸው አልቸኮሉም።

«ተክለ ማርያም» አልኩ።

ስሙ ሲፋቅ ድምፁን ሰማሁት። ቀጭን ድምፅ ነው፣ ጥፍር ቆዳ ላይ ሲሄድ እንደሚሰማው ያለ።

የፍተሻውን ነገር ነግሬ ወረቀት ስለምናቸው ማኅተም የለኝም አሉ፤ ማኅተሙ ከደብሩ አለቃ ዘንድ ነው፣ አለቃው ደግሞ ገበያ ወርደዋል። በአንድ ወረቀት ላይ፣ በዚያው ብዕር፣ አራት መስመር ጻፉልኝ። ሰባት ሰዓት ከሩብ ሆኗል። ሮጥኩ።

ፍተሻው፣ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል

አለቃው ወረቀቱን አገላበጠ። «ማኅተሙስ?»

«የላቸውም።»

«ይህን አንተም ልትጽፈው ትችላለህ።»

አያ ሞላ ሞተሩን አላጠፋም። ወጣቱ ፈታሽ «ብራናውን ስጠኝ» አለ። ብራናውንና ወረቀቱን ጎን ለጎን ያዘ። በጣቱ ፊደል ከፊደል አስተያየ።

«እጁ አንድ ነው፣ አለቃ። ይህ የመምህር እጅ ነው። ልጅ ሆኜ ስማር በእንደዚህ ያለ ጽሕፈት ተገርፌያለሁ።» ቀጥሎ ወደ እኔ ዞረ። «ወልደ ገብርኤል የታለ? ጠዋት እዚህ ነበር።»

«ተፋቀ።»

አለቃው ቦርሳውን በእግሩ ወደ እኔ መለሰው። «ሁለተኛ በዚህ ቀለም እንዳትመጣ» አለ። መታወቂያዬ ከሹራቦቹ መሀል ነበር። ወጣቱ ገመዱን እያላላ በዝግታ «አንዱ ስንት ነው?» አለኝ።

«አሁን አይሸጥም። ገና ይስተካከላል።»

ጎንደር፣ ከምሽቱ አስራ ሁለት ሰዓት

ቤት አልሄድኩም። የሠርክ ጸሎት ሰዓት ነው፤ እናቴ የት እንደምትገኝ አውቃለሁ። ከበሩ ውጭ፣ ከግንቡ ጥግ፣ እንደ ሁልጊዜው ቆማለች። ቦርሳዬን አየች። መልሼ ማምጣቴ ፈቅደዋል ማለት ይሁን አይሁን አላወቀችም።

«ሰጡት?»

«ሰጡት። ሐረጉን ሰጡት፣ ስም አታስገባ አሉት፣ እሺ አለ። በቃሉ ሄዷል አሉ። ስሙን ያስገባሁት እኔ ነኝ። እኔ ነኝ ያጠፋሁት፣ እማ።»

ሳልጨምር ሳልቀንስ ነገርኳት። ኑሩ ነገ በእያንዳንዱ ላይ የሳጥኑን ልክ ያህል ባዶ ጨርቅ እንደሚሰፋበት፣ የብሩክ ስም ከሥር እንደሚቀር፣ ከላይ የሚለብሰው ሰው የራሱን እንደሚጽፍም ነገርኳት።

ነጠላዋን አስተካከለች። ወደ በሩ ሄደች። ጎንበስ ብላ ደጁን ሳመችና ተሻገረች። ልከተላት ስል ሳትዞር እጇን ወደ ኋላ ዘረጋች።

«አንተ እዚያው ቁም» አለች። «ያንን ሰፍተህ ትጨርስና ትገባለህ።»

ቦርሳውን ይዤ ከግንቡ ጥግ፣ እሷ በቆመችበት ቦታ ቆምኩ።