ኋይትሆልን ላቃጠለችው ሴት የቆሙ ጠበቃ

ወይዘሮ ግሌኒስ ፕላክሮዝ በኋይትሆል መንገድ ላይ በሚገኝ አንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ውስጥ ለሠላሳ አንድ ዓመት ወለል ወልውለዋል። በዚህ ጊዜ ውስጥ አሥራ ዘጠኝ ሚኒስትሮች መጥተው ሄደዋል፤ እርሳቸው እንደሚሉት ከመካከላቸው እግሩን ጠርጎ የገባው አንዱ ብቻ ነው። የተወለዱት ከከተማዋ ወንዝ ማዶ በርመንዚ በሚባል ሰፈር ሲሆን፣ እናታቸውም በዚሁ መንገድ ላይ በሌላ መሥሪያ ቤት የጽዳት ሠራተኛ ነበሩ። እናትየው ለልጃቸው ያወረሱት የሥራ ሕግ አንድ ብቻ ነበር፤ ጠረጴዛ ላይ ያለ ወረቀት ይነሣል፣ ሥሩ ይጠረጋል፣ በቦታው ይመለሳል፣ አይነበብም። ወይዘሮ ግሌኒስ የመጀመሪያዎቹን ሦስቱን ሳያጓድሉ ፈጽመዋል። አራተኛውን ግን አንድም ቀን እንዳላከበሩ ራሳቸው ይናገራሉ።

እኔ በመሥሪያ ቤቱ በተቀጠርኩበት ዓመት ለሕንፃው መግቢያ የነሐስ ሰሌዳ እንዲሠራ ተወስኖ ነበር። ሰሌዳው ያለንበት ስፍራ ከመንግሥት ቢሮነቱ በፊት ቤተ መንግሥት እንደነበረ እንዲገልጽ ተፈለገ። ጽሑፉን የማዘጋጀቱን ሥራ የሕንፃ ጉዳይ ኃላፊው አቶ ኦብሪ ታንክሬድ ለእኔ ሰጡኝ፤ ከሠላሳ ቃል እንዳይበልጥም አስጠነቀቁኝ። ሁለት ሳምንት ደከምኩበት። አንድ ንጉሥ ከአንድ ካርዲናል የነጠቀው ቤት እንዴት በክፍል ላይ ክፍል እየተቀጠለ ከተማ እንዳከለ፣ ሹማምንቱ ከንጉሡ ደጅ ላለመራቅ ጠረጴዛቸውን እንዴት በየመተላለፊያው እንደተከሉ፣ ቤቱም ከተቃጠለ በኋላ ንጉሡ ሲሄድ ጸሐፊዎቹ እንዴት እንደቀሩ አነበብኩ። ቤቱ አመድ ሆኖ ስሙ ብቻ የመንግሥት ስም ሆኖ መቅረቱ አስደነቀኝ። ይህ ሁሉ በሠላሳ ቃል አይገባም። በመጨረሻ እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦

«በዚህ ስፍራ ከአንድ ሺሕ አምስት መቶ በላይ ክፍሎች የነበሩት የኋይትሆል ቤተ መንግሥት ቆሞ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1698 በአንዲት ሆላንዳዊት ልብስ አጣቢ ግድየለሽነት ተቃጠለ።»

ጽሑፉ አጭርና ጥርት ያለ መሰለኝ፤ ኮራሁበትም። አትሜ ጠረጴዛዬ ላይ ተውኩት።

በማግሥቱ ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ቢሮ ስገባ ወይዘሮ ግሌኒስ መወልወያቸውን ግድግዳ ላይ አስደግፈው፣ ወረቀቱን በሁለት ጣት አንጠልጥለው ቆመዋል።

«ምሁሯ፣ ይቺን የጻፍሻት አንቺ ነሽ?»

«አዎ፣ እኔ ነኝ» አልኳቸው፣ ምስጋና እየጠበቅሁ።

«ግድየለሽነት ነው ያልሽው?»

«እኔ አይደለሁም ያልኩት፣ ወይዘሮ ግሌኒስ፤ መጻሕፍቱ ናቸው። እርጥብ ልብስ በከሰል እሳት ዙሪያ ሰቅላ ዞር አለች፣ ልብሱ ተያያዘ።»

«የት ትስቀለው ታዲያ?»

«እንዴት?»

«የት ትስቀለው ነው የምልሽ! ወሩ ጥር ነው፣ ውጪው ውርጭ ነው፣ የጌታዋ ሸሚዝ ለነገ ጠዋት ይፈለጋል። በአንድ ሺሕ አምስት መቶው ክፍል ሁሉ ሹም ተጋድሞበታል። ለልብስ ማድረቂያ ብለው አንዲት ክፍል ሰጥተዋት ነበር? ከትምህርት ቤት አንደኛ የወጣሽው አንቺ ነሽ፣ ንገሪኛ!»

 ወይዘሮ ግሌኒስ ለዚህ ጥያቄ የራሳቸው ምክንያት እንዳላቸው አውቅ ነበር፤ በየፎቁ ባለው የማሞቂያ ብረት ላይ «ጨርቅ ማድረቅ ክልክል ነው» የሚል ማስታወቂያ ተለጥፏል፣ ጨርቁ የት ይድረቅ ለሚለው ግን ከተለጠፈ ወዲህ ባሉት አሥራ አንድ ዓመታት መልስ የሰጣቸው የለም።

«ደግሞስ እሷ ራሷ እዚያው እሳቱ ውስጥ ሞታ የለ?» አሉ።

«ሞታለች ይላሉ።»

«እሱን ምነው ሳትጽፊው ቀረሽ?»

«ቦታ አይበቃም። የተፈቀደልኝ ሠላሳ ቃል ነው።»

«ለክፍሎቹ ቁጥር ግን በቃሽ» ብለው ወረቀቱን አቧራውን ጠርገው በቦታው መለሱት።

ነገሩ በዚህ ያበቃል ብዬ ነበር፤ አላበቃም። ወይዘሮ ግሌኒስ «ግድየለሽነት» የሚለው ቃል ካልወጣ ያን ሰሌዳ በእጃቸው እንደማይወለውሉ፣ በየማለዳው ሲያልፉ ያችን ሴት ስትሰደብ ከሚያዩ ሥራውን እንደሚለቁ ነገሩኝ። ጡረታቸው ሊደርስ የቀራቸው ሁለት ዓመት ነው። እንደማይቀልዱ ፊታቸው ይናገር ነበር። ለአቶ ታንክሬድም ደብዳቤ ጻፉ። መልሱ በሦስተኛው ቀን መጣ፦ «ሐሳብዎን በታላቅ አክብሮት ተመልክተነዋል።»

እኔ በየዋህነት «ደስ ይበልዎት፣ ተመልክተውታል» አልኳቸው።

«ልጄ፣ የዚህን ቤት ቅርጫት የምደፋው እኔ ነኝ» አሉኝ። «የተመለከቱት ነገር የት እንደሚገባ ለእኔ አትንገሪኝ።»

ሁለተኛ ጻፉ። «በድጋሚ እናመሰግናለን» ተባሉ። ሦስተኛ ሲጽፉ አቶ ታንክሬድ እኔን ጠሩኝ።

«ሮዌና፣ እባክሽ ያችን ሴትዮ አንድ በዪልኝ» አሉ፣ ግንባራቸውን እያሹ። «ስለ ሞተች አጣቢ የምጽፈው መልስ አለቀብኝ እኮ!»

«ቃሉን ብናወጣውስ?»

«አንድ ጊዜ ካወጣን ሁሉም ማውጣት ይጀምራል። አሥራ አራቱም የሥራ ክፍሎች። በየነጠላ ሰረዙ ስንጨቃጨቅ ቤተ መንግሥቱ እንደገና ይሠራል።»

ጽሑፉ እንዳለ በኢሜይል ለአሥራ አራቱ ክፍሎች ተላከ። ከሥሩ በዚህ መንገድ ላይ የሚሠራ ሁሉ በቃሉ የሚያውቀው ዓረፍተ ነገር ነበር፦ «እስከ ዓርብ ቀትር ድረስ ምላሽ ያልሰጠ ክፍል እንደተስማማ ይቆጠራል።» እኛ ዘንድ ነገር የሚወሰነው እንዲህ ነው። ተቃዋሚ መልስ መጻፍ አለበት፤ ዝም ያለ ፈርሟል። ዓርብ ቀትር ሆነ፣ አሥራ አራቱም ዝም አሉ። ሥራዬ ሰኞ ጠዋት የጸደቀውን ጽሑፍ ለነሐስ ቀራጺው መላክ ብቻ ነበር።

ሰኞ ጠዋት ግን ወይዘሮ ግሌኒስ ከፊቴ አንድ ወረቀት አኖሩ። የጽዳት ክፍሉ የራሱ የኢሜይል አድራሻ ነበረው፤ ከዚያ ለሚመጣ መልእክት ሰው ራሱን አያስቸግርም፣ ሳሙና አለቀ የሚል ነው ብሎ ይሰርዘዋል። ወይዘሮ ግሌኒስ ባለፈው ማክሰኞ፣ የእኛው መልእክት ከወጣ ከአንድ ሰዓት በኋላ፣ ከዚያ አድራሻ ለአሥራ አራቱም ክፍሎች ሌላ ጽሑፍ አዙረዋል። ርእሱ «የተሻሻለ የሰሌዳ ጽሑፍ» ይላል፦

«በዚህ ስፍራ የነበረው የኋይትሆል ቤተ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1698 ተቃጠለ። እሳቱ የተነሣው አንዲት ሆላንዳዊት ልብስ አጣቢ የጌቶቿን ልብስ በከሰል ስታደርቅ ነው። ሌላ ማድረቂያ ቦታ አልነበራትም። እርሷም በእሳቱ ሞተች።»

ከሥሩ ያው ዓረፍተ ነገር፣ ያው ዓርብ፣ ያው ቀትር።

«ስንት ሰው መለሰ?» ብዬ ጠየቅኋቸው።

«ማንም። አየሽ እንዴት እንደተስማማን!»

«ወይዘሮ ግሌኒስ፣ ማድረቂያ ቦታ እንዳልነበራት ግን ማስረጃ የለንም።»

«ቦታ ተሰጥቷት ከሰል ዙሪያ የምትሰቅል እብድ ናት እንዴ?»

ወረቀቱን ይዤ ወደ አቶ ታንክሬድ ሮጥኩ። አንብበው ሲጨርሱ ፊታቸው ቀላ።

«ይሄ ቀልድ ነው። ማን ነው ለዚህ ዝም ያለው?»

«ሁሉም። እርስዎም ጭምር።»

«አላየሁትም!»

«አለማየት ያው ዝምታ ነው ጌታዬ። መመሪያውን የጻፉት እርስዎ ነዎት።»

«እንግዲያው ይሻር።»

እኔም ይሻር ባይ ነበርኩ፤ የራሴ ጽሑፍ ነውና። ነገር ግን ነገሩን ሳሰላስለው የሚያመጣው ጣጣ ታየኝ፣ ነገርኳቸውም። ያላነበበ ሰው አልተስማማም ከተባለ፣ በዚያ ዓመት በዝምታ የጸደቁ ከሁለት መቶ የማያንሱ ውሳኔዎች አብረው ይሻራሉ፤ የአቶ ታንክሬድ አዲሱ ቢሮ ራሱ በዝምታ የተሰጣቸው ነው። አቶ ታንክሬድ ዞር ብለው አዲሱን ቢሯቸውን አዩት።

«የኋለኛው ጽሑፍ የፊተኛውን ይሽራል፣ አይደል?» አሉ በመጨረሻ።

«ይሽራል።»

«ላኪው። ላኪውና ከፊቴ ጥፊልኝ።»

የራሴን ድካም በእጄ ደምስሼ የወይዘሮ ግሌኒስን ጽሑፍ ለቀራጺው ላክሁ። አልዋሽም፣ ቀኑን ሙሉ ተቃጥያለሁ። ማታ ቤቴ ገብቼ ሁለቱን ጽሑፎች ጎን ለጎን አድርጌ ሳነብባቸው ግን የእርሳቸው ይሻል ነበር፤ ይህ ደግሞ የበለጠ አናደደኝ።

ሰሌዳው በሚያዝያ ተሰቀለ። ሚኒስትሩ መጋረጃውን ገልጠው ጽሑፉን ድምፃቸውን ከፍ አድርገው አነበቡት፤ «እርሷም በእሳቱ ሞተች» የሚለው ላይ ሲደርሱ ድምፃቸው ዝቅ አለ። አቶ ታንክሬድ ጫማቸውን ይመለከቱ ነበር። ወይዘሮ ግሌኒስ የሥራ ልብሳቸውን እንደለበሱ ከኋላ ቆመዋል። አንድ ጊዜ ብቻ አፍንጫቸውን በመሐረብ ጠረጉ።

ሚኒስትሩ ዘወር ብለው «ስሟ ማን ነበር?» ሲሉ ጠየቁ።

አቶ ታንክሬድ እኔን አዩኝ። እኔ ቀራጺውን አየሁት፤ ለምን እንዳየሁት እንጃ።

«አልተመዘገበም፣ ክቡር ሚኒስትር» አልኩ።

ሰዉ ከተበተነ በኋላ ወይዘሮ ግሌኒስ ክርኔን ያዙኝ።

«አልተመዘገበም ማለት ምን ማለት ነው? ፈልገሻል?»

«በመጻሕፍቱ ውስጥ የለም።»

«መጻሕፍቱንማ ጌቶቹ ናቸው የጻፏቸው። የደመወዝ መዝገብ፣ የቀብር መዝገብ፣ የሆነ ነገር አይጠፋም። ይኸው ስም የለሽ አድርገን ሰቀልናት እኮ! ቀራጺው ከታች ለስሟ አንድ መስመር ባዶ እንዲተው አድርጌዋለሁ።»

«ማን ፈቀደልዎት?»

«ማን ከለከለኝ?»

ይኸው ሰባት ወር ሆነ። ቅዳሜ ቅዳሜ መዝገብ ቤት እሄዳለሁ። ሰኞ ማለዳ ቢሮ ስገባ ወይዘሮ ግሌኒስ ሰሌዳውን እየወለወሉ፣ ቀና ሳይሉ «እህ?» ይሉኛል። እስካሁን ያገኘሁት በዚያች ሌሊት የተቃጠሉ መጋረጃዎችን ዝርዝር ነው፤ ቀለማቸው፣ ርዝመታቸውና የሰፋቸው ሰው ስም ሳይቀር ተጽፏል።